ባዶዋን የማትመለስ ጀልባ

ጂኦግራፊ የተማርሁት በመቀመጫየ ነው። ሌላው ሰው ካርታ እያየ፣ መምህር እየሰማ ይማራል፤ እኔ ግን ከባሕር ዳር እስከ ጅቡቲ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት፣ ጉድጓድና ኮረኮንች አንድ ሳይቀር ወገቤ ላይ መዝግቤዋለሁ። በቀደም ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ አጥንቴን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ሲያየው፣ "አባባ፣ ይህ ወገብ ነው ወይስ የደብረ ታቦር ጠመዝማዛ?" አለኝ።

"ሁለቱም ነው" አልሁት፤ "በዚያው በኩል ነው የመጣሁ።"

ዕድሜየን በሙሉ ከባድ መኪና ስነዳ ኖርሁ። ሲናገሩት ያሳፍራል እንጂ፣ ሀገሬ ባሕር ስላጣች ነው እኔ ጥርሴ እስኪረግፍ እንጀራ የበላሁት። ወደቡ ደጃፋችን ቢሆን ኖሮ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ማን ተሳቢ ያስረክበው ነበር? ብረቱም፣ ማዳበሪያውም፣ የስፌት መኪናውም ከዚያ ከሚነድድ በረሃ ተነሥቶ፣ ደጋውን ቧጥጦ ወጥቶ ነው እኛ ዘንድ የሚደርስ። ሚስማር ጅቡቲ ላይ ሚስማር ብቻ ነው። ባሕር ዳር ሲገባ ግን ናፍጣው፣ ጎማው፣ የኬላው ወረፋ፣ የእኔ ምሳና የረዳቴ ጫማ ዋጋው ላይ ተደምረውበት ነው። አናጢው ጎረቤቴ ሚስማር ተወደደ ብሎ ባማረረ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ፤ ክትፎውን የበላሁት እኔ ነኛ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ባዶውን የሚኬደው መንገድ ነበር። የሰሊጥና የቦሎቄ ወራት ከሆነ ወደ ወደቡ የምንጭነው አይጠፋም፤ ካለዚያ ባዶ ተሳቢ እየጎተቱ መውረድ ነው። ባዶ ተሳቢ ደግሞ ዝም አይልም፤ ሲንገጫገጭ ከኋላህ ሆኖ የሚስቅብህ ይመስላል። በዚህ የተነሣ ባዶ አለመሄድ አመል ሆነብኝና ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ሱቅ ስላክ ለጎረቤት የሚደርስ ነገር እንዳለ ጠይቄ ነው የምወጣ። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ እንኳ አንድ ነገር ካልያዝሁ መንገዱ የባከነ ይመስለኛል። ባለቤቴ፣ "ይህ ሰውየ ወደ መቃብሩ ሲሄድም የመመለሻ ጭነት ሳይፈልግ አይቀርም" ትላለች።

ጣና ደግሞ ለእኔ የሚዞሩት ነገር ነበር። ወደ ወረታ ስወጣ በግራ መስታወቴ፣ ስመለስ በቀኝ መስታወቴ ይታየኛል፤ በቃ፣ ትውውቃችን እስከዚያ ነው። ተሻግሬው አላውቅም። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ። እውነቱ ግን ስለምፈራ ነው፤ አስፋልት ያልተነጠፈበት ነገር እንዴት ይታመናል? ሚስቴን ከዘጌ ሳገባ ሚዜዎቼ በጀልባ ሄደው ንጹሕ እንደ ሆኑ ደረሱ። እኔ፣ ሙሽራው፣ በየብስ ዞሬ ጭቃ ውስጥ ስዋኝ ውየ ደረስሁ። የለበስሁት የሠርግ ካባ ይሁን የጭቃ ካባ የሚለይ ሰው ጠፋ።

ዘጌ ከባሕር ዳር ማዶ ሐይቁ ውስጥ የገባ የደን ምድር ነው። ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ ቃል ኪዳን ምክንያት መሬቱ አይታረስም፣ በሬም አይጠመድበትም፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናው፣ በሎሚውና በጌሾው ነው። እኔ ደግሞ የዱርቤቴ አራሽ ልጅ ነኝ፤ ከበሬ ጋር ያደግሁ። የባለቤቴ ታላቅ እኅት ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተው አያውቁም። "የዱርቤቴው" ነው የሚሉኝ። እንደ በሬ ዞሬ ስለገባሁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

ልጄ ከጥምቀት በኋላ ከአዲስ አበባ መጣች። መሥሪያ ቤቷ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቷታል፤ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ካልተመለሰች ግን ቦታዋ ለሌላ ሰው ነው። ሐሳቧ እንዲህ ነበር። የአዲስ አበባ ሴት ጠላ መጥመቅ ትፈልጋለች፤ ጌሾውን ከነእንጨቱ ገዝታ የምታደርቅበት ግቢ፣ የምትወቅጥበት ሙቀጫ ግን የላትም። ስለዚህ የእናቷን ሀገር ጌሾ ገዝታ፣ ፈጭታ፣ በላስቲክ አሽጋ ልትልክላት ነው። የወፍጮ መኪናውንም ገዝታ ነበር፤ እሱም እንደ ሁሉ ነገር ከወደብ ደጋውን ቧጥጦ ወጥቶ ግቢየ ውስጥ፣ ወንበሬን የማወጣበት ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። በየጠዋቱ ሸራውን ገለጥ አድርጌ "እንደምን አደርህ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?" እለዋለሁ። አንድ መንገድ ነው ያለፍነው፤ ወገቡ ከእኔ ይሻላል እንጂ።

ልጄ አልጋዋ አጠገብ ያቆመችውን ሻንጣ አልፈታችውም። ልብስ ስትፈልግ ከፍታ ታወጣለች፤ አጥባ እዚያው ትመልሳለች። ባለቤቴ ያን ሻንጣ በክፉ ዐይን ታየው ነበር። "ሻንጣው ተፈትቶ ቁም ሳጥን ላይ እስኪወጣ ልጄ መጣች አልልም" አለችኝ። እኔም ባልናገረው ያው ነበርሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ስሄድ ልጄ ቀርታ፣ እኔ ስመለስ እሷ ሄዳ፤ አሁን ሁለታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሻንጣ መካከላችን ቆመ።

ችግሩ ወፍጮው የት ይተከል የሚለው ነበር። ባለቤቴ፣ "ጌሾው ካለበት ነዋ፤ ዘጌ" አለች። ልጄ ሄዳ አይታው ነበርና ራሷን ነቀነቀች፤ "እማየ፣ እዚያ ያለው መብራት ለአምፖል እንጂ ለዚህ ወፍጮ አይበቃም። ላስቲኩም ካርቶኑም ከዚህ ተሻግሮ መሄድ አለበት።"

እዚህ ላይ እኔ ጉሮሮየን ጠረግሁ። ጉሮሮየን ስጠርግ ቤተሰቤ መደበቂያ ይፈልጋል።

"ዘንዘልማ!" አልሁ። "ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር። የጎንደሩ መኪና በዚያ ያልፋል፤ የወደቡ መኪና በዚያ ያልፋል። ይኸ ከተማ ከተማ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? የጢስ ዓባይ ውኃ ወድቆ መብራት ሰጠ፤ መብራቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አመጣ፤ ፋብሪካው ጥጥ የሚያመጣለት መኪና ፈለገ፤ መኪናው እኔን ፈለገ። ነገር ሁሉ የሚጀምረው በመንገድ ነው።"

"በውኃ ነው ያልኸው፣ አባየ" አለች ልጄ።

"ያው ነው" አልሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለተናገርሁ አሸነፍሁ። የሞተር ጩኸት ያደነቆረው ሰው ጥቅሙ ይኸ ነው፤ የሌላውን አይሰማም፣ የራሱን ያሰማል።

ዘንዘልማ ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው ሁሉ ዛሬ ብሎኬት በቅሎበታል። አንድ አዲስ መጋዘን ተከራየንና ወፍጮውን ተከልን። በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሰላም እያልሁ ተቀመጥሁ። ልቤ ሞቅ አለ።

ጌሾው መጣ። እንዴት መጣ በሉኝ። ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ከጀልባ ወርዶ ባጃጅ ላይ ይወጣል፤ ከተማውን አቋርጦ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ዘንዘልማ ይደርሳል። ጌሾ ደግሞ ክብደት የለውም፣ ሆዱ ብቻ ነው ትልቅ። ባጃጇ ስትመጣ ባጃጅ አትመስልም፤ ጎማ ያወጣ ቁጥቋጦ ትመስላለች። ቅጠሉ መንገዱን ሙሉ ይረግፋል። ባለባጃጁ ከውስጥ ጭንቅላቱን አውጥቶ፣ "አባባ፣ ዘንዘልማን አለፍኋት ወይስ አሁን ደረስሁ? ምንም አይታየኝም እኮ!" አለኝ።

የባለቤቴ እኅትም ከሌሎች የዘጌ ሴቶች ጋር አንድ ቀን ከጌሾው ጋር መጡ፤ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይተው ለማስረከብ ነበር። ገና ሥራው ሳይጋመስ ብድግ አሉ።

"ወዴት ነው፣ እትየ?" አልኋቸው።

"ወደ ቤቴ ነዋ! ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ባሕሩ ይቆጣል፤ ጀልባው አይጠብቀኝም። ዘንዘልማ ለማደር የማን ለቅሶ አለብኝ?"

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ሌሎቹም ቀሩ። ጌሾው በሰው በሰው እየተላከ ግማሹ ረግፎ፣ ግማሹ ረጥቦ መድረስ ጀመረ። የረጠበ ጌሾ ወፍጮው ውስጥ ይለጠፋል እንጂ አይደቅም። ልጄ ወፍጮውን እየከፈተች በቢላ ስትፍቅ ትውላለች። ሑዳዴው ገፋ። አንድ ቀን በስልክ ለጓደኛዋ፣ "ክፍሌን አትልቀቂብኝ፤ ሳልመለስ አልቀርም" ስትል ሰማኋት። ጆሮየ ለዚህ ለዚህ አይደነቁርም።

ያን ዕለት እራት ላይ ማንም አልቀለደም። እኔ እንኳ። ባለቤቴ ሽሮውን እያቀረበች፣ "ይህን ባሕር ዕድሜህን ሙሉ ስትዞረው ኖርህ" አለችኝ። "እስቲ አንድ ጊዜ ተሻገረው። እኅቴን ራስህ ሄደህ ለምናት።"

"በየብስ ልዙር?"

"በጀልባ!"

በማግስቱ ጠዋት ጀልባ ላይ ወጣሁ። ወጣሁ ስል፣ አወጡኝ። ባለጀልባው ከሐይቁ ዳር ሙስሊሞች አንዱ ነው፤ አባቱም አያቱም ታንኳ ሲሠሩና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ እሱ በሞተር የሚሠራ ደልዳላ ሰው። ዳርና ዳሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ስቀመጥ ፈገግ አለ።

"አባት፣ ጀልባዋን ትንሽ ለቀቅ ያድርጓት፤ ትንፋሽ አጠራት።"

"ፍሬኑ የት ነው?" አልሁት።

"ፍሬን የላትም።"

"ታዲያ በምን ትቆማለች?"

"በአላህ ፈቃድ፤ አንዳንዴም በዛፍ።"

ፍሬን በሌለው ነገር ከዚህ በፊት ተሳፍሬ የማውቀው ትዳር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አልቆመልኝም። ሐይቁ ግን ያን ጠዋት እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ነበር። አንድ ጉድጓድ የለው፣ አንድ ኬላ የለው። ወገቤ ምን እንደ ጎደለበት ግራ ገብቶት በየት በኩል ልመም እያለ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ይህን መንገድ ማን ጠረገው? ማንም። ስንት ዓመት ደጄ ላይ ተዘርግቶ ሲጠብቀኝ እኔ ወረታን ስዞር!

ፍርሃቴ ሲለቀኝ ዐይኔ እንደ ልማዱ ጭነት መቁጠር ጀመረ። ጀልባዋ አፏ ድረስ ሞልታለች። ጤፍ በኩንታል፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ አንድ ቆርቆሮም ጭምር። በሬ የማይጠመድበት ሀገር እህሉን ሁሉ ከውጭ ነው የሚያስገባ፤ ይህን ከሠርጌ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቅና ሲጫን ማየት ግን ለካ ሁለት ነገር ነው። ዘጌ ደረስንና ሲያራግፉ ቆሜ አየሁ። ጤፉ ወረደ። ያው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ያንኑ ቦታ በእጁ ጠረግ አድርጎ፣ የጌሾውን ጆንያ፣ ቡናውንና ሎሚውን ጫነበት። ጀልባዋ እንደ ገና አፏ ድረስ ሞላች።

አንድ የዛፍ ሥር ላይ ተቀመጥሁና ብቻየን መሳቅ ጀመርሁ። እኅትየዋ ከጌሾ ማስጫቸው ተነሥተው መጡ።

"የዱርቤቴው! በጀልባ መጣህ? ካባህስ? ደግሞ ምን ያስቅሃል?"

"እትየ፣ ይቺ ጀልባ ባዶዋን ሄዳ ታውቃለች?"

"ለምን ባዶዋን ትሄዳለች? እኛ ምን ልንበላ ነው?"

እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜ እንኳ አይቼ አላውቅም። ሲሄድም ሞልቶ፣ ሲመለስም ሞልቶ፣ በየቀኑ! ተሳቢየ ይህን ቢያይ በቅናት ጎማው ይፈነዳ ነበር። እኔ እኮ ያን ሁሉ ዘመን ስፈልገው የኖርሁት ጭነት በሚስቴ ሀገርና በእኔ ሀገር መካከል ነበር። በሬ የሌለው ጌሾ አለው፤ በሬ ያለው ጤፍ አለው፤ መካከላቸው ውኃ ተኝቷል። እኔ የቆምሁት ዘንዘልማ አስፋልት ዳር፣ ለሚያልፍ መኪና እጄን እያውለበለብሁ!

"ባሕር ዳር ስትወርዱ ጤፉን ከየት ነው የምትገዙት?" አልኋቸው።

"ከጀልባው መነሻ አጠገብ ነዋ። ከዚያ ርቀን ከሄድን ነፋሱ ይቀድመናል።"

"ወፍጮው እዚያው ቢሆንስ? ጌሾውን ታስረክባላችሁ፣ ጤፋችሁን ከዚያው ታነሣላችሁ፣ በዚያው ጀልባ ትመለሳላችሁ።"

እኅትየዋ የያዙትን ጌሾ አስቀመጡ። "ይህን ለማወቅ ጡረታ መውጣት ነበረብህ?" አሉኝ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ "ሴቶች! የዱርቤቴው አንድ ነገር አሰበ፤ ኑ ሳይረሳው!" ብለው ተጣሩ።

በማለዳው ጀልባ ስለመጣሁ በዚያችው ጀልባ ነፋሱ ሳይነሣ ተመለስሁ። ባዶ እጄን እንዳይመስላችሁ፤ ኪሴን ሙሉ ሎሚ ይዤ ነበር።

ልጄ ነገሩን ስነግራት ሎሚ እያሸተተች ሰማችኝ። "አባየ፣ ዘንዘልማን ያልኸኝ አንተ ነህ" አለች።

"እሱ ሌላ ሰው ነው። በየብስ የሚሄድ ሰው ነበር።"

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ሳምንት ሆኗት ነበር። ወዲያው ግን የአባቷ ልጅ ሆና ነገሩን ከእኔ አስበልጣ አሰበችው፤ "እንግዲያውስ ጤፉን ከዱርቤቴ እኛው እናምጣላቸው። ወፍጮው ቤት ይቀመጥና በጌሾው ይለዋወጡ።"

ባለጀልባው ከመነሻው አጠገብ ዘመዱ የዓሣ መረብ የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ ቤት አገኘልን። ወፍጮውን በአይሱዙ ከዘንዘልማ አመጣነው። መኪናው ወደ ኋላ ሲገባ እኔ ከኋላ ቆሜ "ና! ና! ና! ትንሽ! ና!" እያልሁ በሙያየ ኮርቼ ስመራው የአጥሩን ቋሚ ገንድሶ ገባ። "በቃ!" ያልሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ቋሚውን አየና፣ "አባት፣ ጅቡቲንም እንዲህ ነበር የሚገቡት?" አለኝ። ቋሚውን ራሴ ተከልሁት፤ እስካሁን ጠማማ ነው።

ሀገርን አይሱዙ ላይ ጭነው አያዛውሩትም። ባሕር በሌለበት የተቀመጠች ሀገር እዚያው ናት፤ ሚስማሩም ከሩቅ መምጣቱን አይተውም። ወፍጮ ግን ይዛወራል። ያን ቀን ከተሰበረው ቋሚ ጋር ቆሜ ይህን ሳስብ የቀለለ ነገር ተሰማኝ። ስንት ቦታ ይሆን አጠገቡ መንገድ ተዘርግቶለት የሚዞር ሰው ያለው?

በሆሳዕና ሳምንት የዘጌ ሴቶች መጡ። እኅትየዋ ከፊት። ጌሾውን እየመዘኑ፣ ጤፉን በእጃቸው እየቆነጠሩ፣ "ይህስ የበሬ ሀገር ጤፍ ነው!" እያሉ ተቀበሉ። ወፍጮው ተነሣ። አቧራው አረንጓዴ ሆኖ ቤቱን ሞላው፤ ሁላችንም አስነጠስን፣ ከንፈራችን መረረ። ነፋሱ ሳይነሣ ጀልባዋ ሞልታ ሄደች። ልጄ የመጀመሪያውን ላስቲክ አሽጋ በመዳፏ መዘነችው።

ጌሾው ለፋሲካ ጠላ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። ካርቶኑ ገና አልመጣም። ልጄ ወደ ክፍሏ ገባችና ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ባለቤቴ ፊቷ ተለወጠ፤ እኔም ወንበሬን ያዝሁ። ልጄ ግን ልብሷን አውጥታ አልጋው ላይ ከመረችና ሻንጣውን በጌሾ ሞላችው። በፊት ረዳቴ የነበረው ልጅ ዛሬ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ በማለዳ ሊነሣ ነበርና ሻንጣውን ለእሱ ሰጠነው።

"ባዶውን እንዳትመልሰው" አልሁት።

"ጋሼ፣ ይህን ሳይነግሩኝ የሄድሁበት ቀን አለ?"

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ልጄ የዚያን ሰኞ ጠዋት መነሻው ላይ ጌሾ ስትመዝን ነበር። ስልኳ ሲጠራ አነሣችና፣ "አይ፣ አልመጣም፤ ቦታየን ለሌላ ሰው ስጡት" ብላ ወደ ሚዛኑ ተመለሰች። ረዳቴ የነበረው ልጅ በሳምንቱ ሻንጣውን አመጣ፤ ከብዶት እየተንገዳገደ። ከፈትነው። ከላይ አዲስ የታተመ ማሸጊያ ነበር፤ ከሥሩ ጓደኛዋ ከአዲስ አበባው ክፍሏ ሰብስባ የላከችው ቀሪ ልብሷ፣ አንድ ትራስና የቤት ጫማዋ።

ባለቤቴ አንድ በአንድ አውጥታ አጣጥፋ ስትጨርስ ሻንጣውን ዘጋችና ቁም ሳጥኑ ላይ ልትሰቅለው አነሣችው። እኔ አመሌ ተነሣብኝ።

"ቆይ እንጅ፤ ባዶውን?"

"ባዶውን!" አለችኝ፤ ገፍታም እስከ ግድግዳው አስገባችው። "ይኸኛውስ ባዶውን ይቀመጥ።"